ባሕር ላይ ያሉ ልጆቻችንና የዕረፍት ተራቸው

(በሬዲዮ ፕሮግራማችን ከተላለፉ ንግግሮች የተወሰደ)

   

የዛሬው ርዕሳችን ስለ መርከበኞች ነው። «ሞጣ ላይ ተቀምጦ ስለ መርከብ ምን ያናግራል?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ እኛ የሞጣና የቢቸና ሰዎች የምናውቀው ትልቁ ውኃ ዓባይ ነው። እርሱንም የምናየው ከገደሉ አፋፍ ሆነን ወይም በሰባራ ድልድይ በኩል ወደ ጎንደር ስንሻገር ነው። ጨዋማ ውኃ በዐይኑ ያላየው ከእኛ መካከል ይበዛል። ሆኖም ዛሬ ከምሥራቅ ጎጃም ቤቶች ወጥቶ ማዕበል ላይ የሚያድር ልጅ አለ። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሥር የማሪታይም አካዳሚ ከተከፈተ ዐሥር ዓመት አልፎታል። በሜካኒካልና በኤሌክትሪካል ምሕንድስና የተመረቁ ወጣቶችን እየተቀበለ ለመርከብ የማሽን ክፍል መኮንንነት ያሠለጥናል። ቢሾፍቱ ላይም የባቦጋያ የማሪታይምና ሎጂስቲክስ አካዳሚ ተቋቁሟል። ዲግሪ ይዞ በሥራ ፍለጋ ለተንከራተተ ልጅ ይህ በር ትንሽ በር አይደለም። ግማሹ በመንግሥት መርከብ ተቀጠረ፣ ሌላው በውጭ ኩባንያ።

ለእኛ ለሐበሻ ሙስሊሞች ደግሞ መርከብ በታሪካችን እንግዳ ነገር አይደለም። የመጀመሪያዎቹ ሙሃጂሮች ቀይ ባሕርን የተሻገሩት በነጋዴ መርከብ ተሳፍረው ነው። ጃዕፈር (ረ.ዐ.) እና አብረዋቸው የነበሩት በሰባተኛው ዓመተ ሒጅራ ወደ መዲና የተመለሱትም ነጃሺ ባዘጋጁላቸው መርከቦች ነበር። ስማቸው እንኳ «የመርከቡ ሰዎች» ተብሎ ቀረ። ይህን ያነሣነው ለወሬ ማሳመሪያ ነው፤ ወደ ጉዳያችን እንመለስ።

ባለፉት ወራት ለዝግጅታችን ከደረሱ ጥያቄዎች ሦስቱ ከዚህ ጋር የተያያዙ ናቸው። አንዲት እህታችን እንዲህ ትላለች፦ ባለቤቷ በመርከብ የማሽን ክፍል ይሠራል። የፈረመው የስምንት ወር ውል ነበር። ስምንቱ ወር ካለፈ ቆየ፤ በደወለች ቁጥር መልሱ «ተተኪዬ አልመጣም» ነው። «ሸሪዓው ስንት ወር ታገሺ ይለኛል?» ብላ ትጠይቃለች። ሁለተኛው ጥያቄ የአንድ አባት ነው። ልጃቸው ለዕረፍት መጥቷል፣ የመመለሻ ቀኑ ተቆርጧል፣ የታላቅ ወንድሙ ሠርግ ግን ከዚያ ቀን በኋላ ነው። «አንድ ወር ቢጨምር ምን ይጎዳል? ድርጅቱ የመንግሥት ነው፣ አይከስር» ይላሉ። ሦስተኛው ጥያቄ የራሱ የመርከበኛው ነው፤ ሰላቱንና ጾሙን ይመለከታል።

ሦስቱ የተለያዩ ይመስላሉ እንጂ ሁለቱ አንድ ናቸው። የእህታችን ባል ያልመጣው ምናልባት አንድ ሌላ አባት ልጃቸውን «አንድ ወር ጨምር» ስላሉት ነው። የዛሬው ንግግራችን በአብዛኛው የሚያጠነጥነው በዚህች ነጥብ ዙሪያ ነው።

በመጀመሪያ ጥቂት ስለ መርከቦቹ እንበል። የኢትዮጵያ ንግድ መርከብ ድርጅት የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1964 ነው፤ በ1966 በሦስት መርከቦች ሥራ ጀመረ። ያኔ አሰብና ምጽዋ የአገሪቱ ወደቦች ነበሩ። በ1993 ኤርትራ ነጻ አገር ስትሆን ኢትዮጵያ ባሕር አልባ ሆነች፤ ከ1998ቱ ጦርነት በኋላ ደግሞ አሰብም ቀረና ጉዞው ወደ ጅቡቲ ዞረ። ድርጅቱ ግን አልፈረሰም። በ2011 ከደረቅ ወደብና ከባሕር ትራንዚት ድርጅቶች ጋር ተዋሐደ። ከ2012 እስከ 2014 ባለው ጊዜ ቻይና ውስጥ የተሠሩ ዘጠኝ አዳዲስ መርከቦች ተረከበ፤ ሰባቱ የደረቅ ጭነት፣ ሁለቱ የነዳጅ ናቸው። ስማቸውም የከተሞቻችን ስም ሆነ፤ ባሕር ዳርም ሐዋሳም በባሕር ላይ ሄዱ። ሰኔ ሲገባ ገበሬያችን ተሰልፎ የሚጠብቀው ማዳበሪያ ከውጭ በመርከብ የሚመጣ ነው። ሱቅ ውስጥ ያለው ቆርቆሮ፣ ጎማው፣ ስኳሩ፣ ዘይቱ እንዲሁ። ስለዚህ መርከበኛው ወታደር አይደለም፤ ሲቪል ሠራተኛ ነው፤ ግን የሚሠራው ሥራ የሁላችንም ቤት ይገባል።

አሁን ወደ ተራው ጉዳይ እንምጣ። የዕረፍት ፈቃድ ሲባል የቢሮ ሠራተኛ የሚያውቀው ዓይነት የሚመስለን ብዙዎች ነን። የቢሮ ሠራተኛ ፈቃድ ሲወጣ ጠረጴዛው ባዶ ይሆናል፣ ፋይሉ ይከመራል፣ ሲመለስ ይሠራዋል። የመርከብ ሥራ እንዲህ አይደለም። መርከብ ሌሊትም ይሄዳል። ሞተሩ ሰው ይፈልጋል፣ መሪው ሰው ይፈልጋል። ሕጉም የተወሰነ ቁጥር ያለው፣ የብቃት ምስክር ወረቀት የያዘ መኮንን ካልተሟላ መርከቡ ከወደብ እንዲወጣ አይፈቅድም። እንግዲህ አንድ መሐንዲስ ወደ ቤቱ የሚሄደው ሌላው መሐንዲስ ሻንጣውን ይዞ በመርከቡ መሰላል ሲወጣ ብቻ ነው። አንዱ ይወጣል፣ ሌላው ይወርዳል። የወጣው ከሌለ የሚወርድ የለም።

በእኛ አገር ከብት በተራ የሚጠበቅበት መንደር ብዙ ነው። ሰባት ቤት ይሰበሰብና እያንዳንዱ በሳምንት አንድ ቀን የሁሉንም ከብት ያግዳል። ተረኛው ጧት ካልመጣ ምን ይሆናል? ከብቱ በረት ውስጥ አይውልም፤ የትናንቱ እረኛ ይመለሳል። እርሱም ቢሆን የራሱ እርሻ አለው። ያልመጣው ሰው «ዛሬ አልተመቸኝም» ሲል የበደለው መንደሩን አይደለም፤ የትናንቱን እረኛ ነው። የመርከብ ተራ ቁርጥ ይህን ይመስላል፤ ልዩነቱ የትናንቱ እረኛ ከሜዳው መውጣት የማይችል መሆኑ ነው።

ሒሳቡንም እንየው። መርከበኛው ስምንት ወር ሠርቶ አራት ወር ቤቱ ቢያርፍ፣ በማንኛውም ቀን ከሦስቱ መሐንዲሶች ሁለቱ ባሕር ላይ፣ አንዱ ቤቱ ነው። ስለዚህ ሁለት የሥራ ቦታ ለመሙላት ሦስት ሰው መቅጠር ያስፈልጋል። አራት ወር ሠርቶ አራት ወር ይረፍ ካልን ለአንድ ቦታ ሁለት ሰው ይጠይቃል። ይህ ትርፍ ሰው ሳይሆን የሥራው ዋጋ ነው። «ለአንድ ቦታ አንድ ሰው ይበቃል» ብሎ የሚያቅድ አሠሪ በወረቀት ላይ ደመወዝ ያተርፋል፤ የሚከፍለው ግን መርከበኛው ነው፣ ሚስቱ ናት፣ ልጁ ነው። ቁጥሩ ልክ ሆኖ ሳለ እንኳ አንዱ ቢታመም፣ አንዱ ፓስፖርቱ ቢዘገይ፣ አንዱ የተሻለ ደመወዝ አግኝቶ ቢለቅ፣ ተራው ይናጋል።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚጠይቁት አለ። «አገሪቱ በሥራ አጥ ምሩቅ ተሞልታ እንዴት ሰው ይጠፋል?» ይላሉ። የሚጠፋው ጀማሪው ሳይሆን ልምድ ያለው ነው። ከአካዳሚ የወጣ ካዴት የተወሰኑ ወራት የባሕር አገልግሎት ሳይፈጽም የመኮንንነት ምስክር ወረቀት አያገኝም፤ ያን ለማግኘት ደግሞ መርከብ ላይ ባዶ አልጋ ያስፈልገዋል። አልጋው ጥቂት ነው። ስለዚህ ከታች ወረፋው ረጅም ነው፣ ከላይ ሰው የለም። ከታች የገባው ደግሞ ዓመታት ደክሞ ወረቀቱን ሲጨብጥ የውጭ ኩባንያ በዶላር ይጠራዋል። ሄደ ብለን አንወቅሰውም፤ ሲሳዩን መፈለግ መብቱ ነው፤ የፈረመውን ግዴታ ጨርሶ እስከሆነ ድረስ። ወቀሳ ካለ፣ ልምድ ያለውን ሰው የሚያቆየው ደመወዝ ብቻ እንዳልሆነ ባልተረዳው አሠሪ ላይ ነው። መርከበኛ የሚቀጥለውን የዕረፍት ቀኑን በእርግጠኝነት ቢያውቅ ብዙ ነገር ይታገሣል።

ችግሩ የእኛ ብቻ አይደለም። ዓለም አቀፍ የመርከብ ባለቤቶች ማኅበራት በ2021 ባወጡት ጥናት በዓለም ላይ 1.89 ሚሊዮን መርከበኞች ነበሩ፤ የመኮንኖች ጉድለት ያኔ 26,240 ነበር፤ እስከ 2026 ድረስም ተጨማሪ 89,510 መኮንኖች እንደሚያስፈልጉ ገምተው ነበር። አሜሪካን የሚያህል ሀብታም አገር እንኳ ከዚህ አላመለጠችም። የባሕር ኃይሏን ነዳጅና ስንቅ የሚያመላልሱ፣ በሲቪል የመንግሥት ሠራተኞች የሚንቀሳቀሱ መርከቦች አሏት። በ2024 መጨረሻ ከእነዚህ መካከል 17ቱን ወደ ጥገና አስገብታ ሠራተኞቻቸውን ወደ ሌሎች መርከቦች ለማዛወር ወሰነች። ምክንያቱ የብረት መርከብ እጦት አልነበረም፤ ሰው ጠፍቶ ነው። እነዚያ ሠራተኞች አራት ወር ገደማ ባሕር ላይ ቆይተው አንድ ወር ያህል ቤታቸው ያርፉ ነበር። ሒሳቡን ከላይ አይተነዋል፤ ለአራት ቦታ አምስት ሰው ማለት ነው። ከአምስቱ አንዱ ሲለቅ የሌሎቹ ዕረፍት ይጠፋል፤ ዕረፍት የጠፋበት ደግሞ ይለቃል። በእኛ ቋንቋ «ቀዳዳውን ለመድፈን ከዚያው ጨርቅ ይቀደዳል» ማለት ነው።

ኮሮና የመጣ ጊዜ የሆነውንም አንርሳ። በ2020 አገሮች ድንበራቸውን ሲዘጉ መርከቦቹ ሥራ አላቆሙም፤ ሰው መቀየር ግን ቆመ። በዓመቱ መጨረሻ ውላቸው አልቆ መውረድ ያልቻሉ 400,000 ያህል መርከበኞች ነበሩ። ከዓመት ተኩል በላይ መሬት ሳይረግጡ የቆዩም ነበሩ። ዓለም ቤቱ ተቀምጦ ስንዴና መድኃኒት ሲደርሰው ያመጣለትን ሰው ወደብ አላስወርድም አለ። ከዚያ ወዲያ ቀይ ባሕር ላይ ጦርነቱ መጣ። በኅዳር 2023 የተያዘችው ጋላክሲ ሊደር የተባለች መርከብ 25 ሠራተኞች ወደየቤታቸው የተመለሱት በጥር 2025 ነው። በሰዎቹ ውል ላይ ይህ አልተጻፈም ነበር።

ሕግ የለም እንዴ? አለ። በ2006 የጸደቀው ዓለም አቀፍ የባሕር ሠራተኞች ስምምነት ከነሐሴ 2013 ጀምሮ በሥራ ላይ ነው። ለእያንዳንዱ የአገልግሎት ወር ቢያንስ ሁለት ቀን ተኩል የሚከፈልበት ዕረፍት ይሰጣል። መርከበኛ ወደ አገሩ ሳይመለስ በተከታታይ የሚያገለግልበት ጊዜ ዓመት እንዳይሞላ ያዛል። የመመለሻ ትኬቱን የሚከፍለው አሠሪው ነው። በ24 ሰዓት ውስጥ ቢያንስ 10 ሰዓት፣ በሳምንት ውስጥ ቢያንስ 77 ሰዓት ዕረፍት ይገባዋል። ከደመወዙ ከፍሎ ለቤተሰቡ በቀጥታ እንዲላክለት መጠየቅ ይችላል። «መርከብ ላይ እናስቀጥርሃለን» ብሎ ከሥራ ፈላጊ ኮሚሽን መቀበልም በዚሁ ስምምነት የተከለከለ ነው። ወጣቶቻችን ይህችን የመጨረሻዋን ልብ በሏት፤ መሬቱን ሸጦ ለደላላ የሰጠ አባት ስንት አለ!

ወደ ሸሪዓው ስንመጣ ከሁሉ አስቀድሞ የምናገኘው ውልን መሙላት ነው። ሱረቱል ማኢዳ ሲከፈት የሚያዘው ይህንን ነው። ትእዛዙ ለሠራተኛ ብቻ ወይም ለአሠሪ ብቻ ተብሎ አልወረደም። መርከበኛው ስምንት ወር ሊሠራ ፈረመ፤ አሠሪው በስምንተኛው ወር ሊያወርደው ፈረመ። ሁለቱም ቃል ናቸው። እኛ ግን የመጀመሪያውን «ግዴታ»፣ ሁለተኛውን «ቸርነት» አድርገን ማየት ለምደናል። የዕረፍት ተራ ሐቅ ነው። ሠራተኛ ላቡ ሳይደርቅ ደመወዙ ይከፈለው ተብለን ከተማርን፣ ዕረፍቱም ከደመወዙ የተቆረጠ ድርሻ መሆኑን መረዳት አያቅተንም። «ተጨማሪ ሦስት ወር ካልፈረምክ ሌላ ጊዜ አንጠራህም» ተብሎ የተፈረመም ፊርማ ውዴታ አይባልም።

የዑመር ኢብኑል ኸጧብን (ረ.ዐ.) ታሪክ አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ። በኸሊፋነታቸው ዘመን በሌሊት ሲዘዋወሩ ባሏ ለጅሃድ ወጥቶ የዘገየባት ሴት ብቸኝነቷን ስታሰማ ሰሙ። «ትታገሥ» ብለው አላለፉም። ወደ ልጃቸው ወደ ሐፍሷ (ረ.ዐ.) ሄደው ሴት ልጅ ያለ ባሏ ስንት ጊዜ ልትታገሥ እንደምትችል ጠየቁ። በአንዳንዱ ዘገባ መልሱ አራት ወር፣ በሌላው ስድስት ወር ነው። ከዚያም ለጦር አዛዦቻቸው ማንንም ከዚያ በላይ እንዳያቆዩ ጻፉ። የስድስት ወሩን ዘገባ ያብራሩት ዑለማዎች አከፋፈሉን ሲናገሩ አንድ ወር መሄጃ፣ አራት ወር እዚያ መቆያ፣ አንድ ወር መመለሻ ይላሉ። ይህ አከፋፈል ለእኛ ትልቅ ትምህርት አለው። ዑመር የቆጠሩት ከቤት ደጃፍ እስከ ቤት ደጃፍ ነው። ዛሬ ግን መርከበኛው ጅቡቲ የሚፈጀው ቀን፣ አዲስ አበባ ወረቀት ሲያስጨርስ የሚያልፈው ሳምንት፣ ከዚያ ደጀንን ወርዶ ወጥቶ ሞጣ እስኪደርስ ያለው መንገድ ከዕረፍቱ ይበላል። በእኛ አስተያየት ከቤት ደጃፍ የሚጀምረው የዑመር አቆጣጠር ነው ትክክለኛው።

ሌላም አለ። ሙዓዊያ (ረ.ዐ.) በባሕር ለመዝመት ዑመርን ሲያስፈቅዱ ዑመር ስለ ሰዎቻቸው ሰግተው ከለከሉ። ኋላ ዑሥማን (ረ.ዐ.) ሲፈቅዱ፣ ማንም በዕጣም በምርጫም ሳይገደድ በፈቃዱ የሚወጣ ብቻ እንዲሄድ አዘዙ። ባሕር ላይ የሚሄድ ሰው በፈቃዱ መሄድ እንዳለበት ያኔ ተይዟል። በፈቃዱ የሄደ በፈቃድ ስም ሊታሰር አይገባም።

አሁን ለእህታችን። እህቴ፣ ትዕግሥትሽን አላህ ይቀበልሽ። ነገር ግን ሸሪዓው ያለ ገደብ ታገሺ አይልሽም። ከዑለማዎች በተለይ የሐንበሊዎቹ ከስድስት ወር በላይ ያለ ዑዝር የሚርቅን ባል እንዲመለስ እንዲጠየቅ፣ እምቢ ካለ ቃዲው ጉዳዩን እንዲያይ ያስተምራሉ። የአንቺ ባል ግን እምቢ ያለ አይመስልም፤ ተይዞ ነው። ተተኪ አለመምጣቱ የእርሱ ጥፋት አይደለም። ስለዚህ የመጀመሪያው እርምጃ ከእርሱ ጋር በግልጽ መነጋገር ነው፤ የሚወርድበትን ቀን ከካፒቴኑ ወይም ከቢሮው በጽሑፍ ይጠይቅ፤ ቀኑ በሚያልፍበት ጊዜም ዝም አይበል። ሁለተኛ፣ ነፈቃሽ በእጅሽ እየገባ ነው ወይ? ይህን ሳንጠይቅ አናልፍም፤ ምክንያቱም የመርከበኛ ሚስት በአማቶቿ ቤት ተቀምጣ፣ የባሏ ዶላር በአማቷ እጅ እየገባ፣ እርሷ ለልጇ ሳሙና የምታስፈቅድበት ቤት እናውቃለን። የሚስት ነፈቃ የባል አባት ስጦታ አይደለም። ባልሽ ድርሻሽን በቀጥታ በስምሽ ይላክ። ይህ ሁሉ ተደርጎ፣ ቢወርድም ሳያርፍ ወዲያው ሌላ ውል የሚፈርም ከሆነ ግን ያኔ ተይዞ ሳይሆን መርጦ ነው። በዚያን ጊዜ ሽማግሌ ይግባበት፣ ካልሆነም የሸሪዓ ፍርድ ቤት በር ክፍት ነው፤ እዚያ መሄድሽ ነውር አይሆንም።

ኒካሕ ለምታስሩ ወላጆችም አንድ ቃል እንጨምር። ልጃችሁን ለመርከበኛ ስትድሩ መህሩን ብቻ አትነጋገሩ። ስንት ወር እንደሚርቅ፣ ስንት ወር እንደሚያርፍ፣ በሌለበት የት እንደምትኖር፣ ገንዘቡ በማን በኩል እንደሚደርሳት አስቀድማችሁ ተስማሙ፣ ጻፉትም። በጋብቻ ውል ስለሚገቡ ቅድመ ሁኔታዎች ዑለማዎች የተለያየ አስተያየት አላቸው፤ ግልጽ ንግግር ግን የሚጠላ መዝሀብ የለም።

ወደ አባታችን ጥያቄ እንመለስ። አባባ፣ በአክብሮት መልሳችን «አይሆንም» ነው። የሠርጉን ደስታ አላህ የተባረከ ያድርገው። ድርጅቱ ከፈቀደለት፣ ተተኪውም በራሱ ፈቃድ ከቆየለት ችግር የለም፤ ያስፈቅድ። ከዚያ ውጭ ግን ድርጅቱ የመንግሥት ስለሆነ አይከስርም ያሉት አያስኬድም። የሚከስረው መንግሥት ብቻ ቢሆን እንኳ የመንግሥት ገንዘብ የሕዝብ አማና ነው። እዚህ ላይ ግን የሚከስረው ሌላ ነው። ባሕር ላይ ሻንጣውን አስሮ፣ ለእናቱ «በዚህ ቀን እመጣለሁ» ብሎ ደውሎ፣ የእርስዎን ልጅ የሚጠብቅ ሰው አለ። ምናልባት የደብረ ማርቆስ ልጅ ነው፣ ምናልባት የጅማ፣ ሙስሊምም ይሁን ክርስቲያን ሐቁ ሐቅ ነው። የእርሱም ወንድም ሠርግ ይኖረው ይሆናል። ጤና ጣቢያ ሄዶ ያልታመመበትን ወረቀት ማውጣት ደግሞ፣ ይህን ሲያደርጉ የምናያቸው ስላሉ እንናገር፣ ውሸት ነው፤ የጻፈውም ያስጻፈውም ተጠያቂ ናቸው። ለወንድሙ ሠርግ ቀኑን በሦስት ሳምንት ማሳጠር ይቻል ነበር፤ ከሙሽራዋ ቤት ጋር ተነጋግሮ አሁንም ይቻል ይሆናል።

የዚህ ተቃራኒ የሆነ ቤተሰብም አለ፤ እርሱም ያሳስበናል። ልጁ ውሉን ጨርሶ ልምጣ ሲል «ቤቱ ቆርቆሮ አልለበሰም፣ እኅትህ ኮሌጅ ልትገባ ነው፣ ሌላ ስድስት ወር ጨምር» የሚል። ደካማ መሐንዲስ በእሳትና በእንፋሎት መካከል የሚሠራ ሰው ነው። ሌሊት በስምንት ሰዓት ተነሥቶ የሞተር ግፊት የሚያነብ ሰው ዐይኑ ቢከዳው አደጋው የሃያና የሠላሳ ሰው ነው። ሱረቱል ከህፍ ላይ ኸድር (ዐ.ሰ.) ቀዳዳ ያደረጉባት መርከብ የማን እንደነበረች ታስታውሳላችሁ፤ ባሕር ላይ የሚለፉ ድሆች ነበረች። አላህ ለእነዚያ ለፍቶ አዳሪዎች ሲል ነቢይ የማያውቀውን ጥበብ አሳየ። እኛ ደግሞ ለቆርቆሮ ስንል ልጃችንን አናድክም።

የመጨረሻው የወንድማችን ጥያቄ ነው። ወንድማችን ከሌሊቱ ስድስት እስከ ዐሥር ሰዓት፣ ከቀኑም ስድስት እስከ ዐሥር ሰዓት ተረኛ ነኝ ይላል። ዙሁር ሙሉ በሙሉ በተራው ውስጥ ያልፍበታል። በጉዞ ላይ እስካለህ ድረስ ሙሳፊር ነህ። ባለ አራት ረከዓዎቹን ሁለት አድርገህ ታሳጥራለህ፤ ዙሁርን ከዐስር ጋር አዘግይተህ ከተራህ ስትወጣ መስገድም የሸሪዓው ማቅለያ ነው። ከሐንበሊ ዑለማዎች መርከበኛ አያሳጥርም ያሉት ሚስቱና ልጆቹ አብረውት መርከቡ ላይ ስለሚኖሩ፣ ሌላ ቤት ስለሌለው ሰው ነው፤ አንተ ቤትህ ሞጣ ነው። ወደብ ላይ መርከቡ ስንት ቀን እንደሚቆም አስቀድሞ ከታወቀና ከአራት ቀን በላይ ከሆነ ሙሉ ስገድ። ተራ እየጠበቀ መልሕቅ ጥሎ፣ ዛሬ ነው ነገ እየተባለ የሚቆይ ከሆነ ግን የማሳጠሩ ፈቃድ ይቀጥላል፤ በቀኑ ብዛት ላይ መዝሀቦቹ ይለያያሉ፣ ሻፊዒዎቹ 18 ቀን ድረስ ይላሉ። ቂብላውን ስትጀምር ያዝ፤ መርከቡ ሲዞር የምትችል ከሆነ አብረህ ዙር። ማዕበሉ አላስቆም ካለህ ተቀምጠህ ስገድ።

ረመዳንን በሚመለከት፣ የማሽን ክፍል ሙቀት ምን እንደሚመስል ጽፈህልናል። ሙሳፊር ማፍጠር ይፈቀድለታል፤ ጾም የሚያደክምህና ሥራህን የሚያሰጋ ከሆነ ማፍጠሩ ይሻልሃል። ተራህን ለጓደኛህ ጥለህ «ጾመኛ ነኝ» ማለት አያምርም፤ ጓደኛህ ወዶ ከቀየረህ ሌላ ነገር ነው። ያፈጠርካቸውን ቀናት ቁጥር ግን በማስታወሻ ያዝ፤ አሥራ ሁለት ነው አሥራ አምስት እያልክ ኋላ እንዳትቸገር። ዕረፍትህ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ከገጠመ የሞጣ ቀኑ አጠር ይላል፣ ብርዱም ውኃ አያስጠማም፤ ቀዷህን ያኔ ብትጨርሰው ይቀልሃል።